መልሕቅ የጣለው ልጄ

ደጄ ላይ ስለተከመረው ብረት በከሚሴ ያልተወራ ነገር የለም። አንዱ ሴትዮዋ በስተርጅና የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሆነች አለ። ሌላው ልጇ ከመርከብ ላይ እየነቀለ ይልክላታል አለ። ባጃጅ ተሳፋሪዎች እንኳ ደጄን የመውረጃ ምልክት አድርገውት ነበር። «ብረቷ ጋ አውርደኝ» ይላሉ፤ እኔም በመስኮት እሰማለሁ። እስካሁን ዝም ያልኩት ምላስ አጥቼ አይደለም። ሐዋ ያወራችውን አውርታ እስክትጨርስ እየጠበቅኩ ነበር። ሐዋ ግን ጀምራ የማትጨርሰው አንድ ነገር ቢኖር ወሬ ነው። ስለዚህ ከኔው አፍ ስሙት።

ሐዋ የባሌ እህት ናት። ባሌ ሞቷል፣ አላህ ይዘንለት፤ እህቱ ግን አለች። ሰይድን፣ አንድ ልጄን፣ የወለድኩ ሰሞን ልትጠይቀኝ መጣች። ሕፃኑን ገልጣ አየችና ሰው በሞላበት ቤት «አፍንጫው ከኛ ቤት አይደለም» አለች። ከዚያ የቀረበላትን ገንፎ ጨርሳ ሄደች። ይህን የማነሳው ቂም ይዤ አይደለም። ስለ ማን እንደምናገር እንድታውቁ ብዬ ነው።

ያ አፍንጫ አደገ፣ ተማረ፣ የመርከብ መሐንዲስ ሆነ። አገራችን ባሕር የላትም። እኛ የምናውቀው ብዙ ውሃ ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ሲያለብሰው ነው፤ እሱም ቢሆን ከብት ይሻገርበታል እንጂ መርከብ አይሄድበትም። ሐዋ ታዲያ ይህንን ታልፈዋለች? «ባሕር የሌለው አገር ልጅ መርከብ ላይ ምን ይሠራል? ጨረቃ ላይ ገብስ ሊያጭድ ነው?» ብላ ሰፈሩን አሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ነው የሳቀው።

እውነቱን ንገሪን ካላችሁ እኔም ሥራው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጄ ዓለምን እየዞረ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ስንደዋወል «አሁን የት ነህ?» እለዋለሁ። አንዴ ሲንጋፖር፣ አንዴ ብራዚል ይለኛል።

«እንዴት ነው ታዲያ አገሩ?»

«አጥሩን አየሁት እማ።»

ለካ ወደብ ሲደርሱ ዕቃው በማሽን ወርዶ በማሽን ተጭኖ ሲያልቅ፣ ልጄ ታች ሞተር ክፍል ውስጥ ማጣሪያ እያጠበ ነው። ቀና ሲል መርከቡ ባሕሩ መሀል ገብቷል። እነዚያ ቤት የሚያካክሉ የብረት ሣጥኖች ውስጥ ምን እንዳለ እንኳ አያውቅም። «ጫማ ይሁን ፍሪጅ ለኔ ያው ጭነት ነው» ይላል። ሙቀቱ አፋርን የሚያስመሰግን ነው። ጩኸቱን ለመቋቋም ጆሮውን በሁለት ቆብ ከድኖ ይውላል፤ ለዚህ ነው መሰለኝ በስልክ ሲያወራ ገበያ መሀል እንዳለ ሰው የሚጮኸው። ወጥ ሠሪያቸው ፊሊፒናዊ ስለሆነ ጠዋት ሩዝ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ደግሞ ለለውጥ ያህል የተጠበሰ ሩዝ ይበላሉ። አገር ባለፉ ቁጥር ሰዓታቸውን አንዴ ወደ ኋላ፣ አንዴ ወደ ፊት ይገፉታል። አንድ ረመዳን ላይ ሊያፈጥር ቴምሩን በእጁ እንደያዘ ሰዓቱን መልሰውበት አለቀሰብኝ። እኔም «ፀሐይዋን እይ እንጂ ሰዓቱን ምን አደረግኸው!» አልኩት። ሞተር ክፍል ውስጥ ፀሐይ የለችም ለካ።

የቂብላውን ነገርማ ተዉት። «ሶላት ጀምሬ ሱጁድ ስወርድ መርከቡ ይዞራል፤ ቀና ስል መካ በስተኋላዬ ናት» ብሎ ቢያማርር የሰፈራችንን ሼህ ጠየቅኩለት። ሼሁ ጢማቸውን ይዘው አሰቡና «ሲጀምር ወደ ቂብላ ከዞረ የቀረው የነጂው ጥፋት ነው» ብለው ገላገሉን።

እንግዲህ ይህ ልጅ ሙናን ወደደ። ሙና እዚሁ ከሚሴ ሕፃናት የምታስተምር ጨዋ ልጅ ናት። ችግሩ አባቷ ናቸው። ሐጂ ይማም ሰንበቴ ገበያ ላይ ከብት ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ጥርሱን ሳያዩ የሚቀበሉት ነገር የለም። ሽማግሌ ስንልክ «ልጁ ከባሕሩ ይውጣና ፊት ለፊት ልየው፤ ከዚያ ቃሌን እሰጣለሁ» አሉ። ሌሎች የሚጠይቋትም ነበሩ። አንዱ መድኃኒት ቤት አለው ተብሏል፤ በየቀኑ ከሚሴ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ባል ማለት ነው። የሰይድ ኮንትራት ሊያልቅ ስለተቃረበ ሁላችንም መምጫውን እንጠብቅ ነበር። ነገሬ ሁሉ በዚህ ቀጭን ክር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሐዋ ሻይ ልትጠጣ መጣች።

ሐዋ ስትመጣ ምክንያት ይዛ አትመጣም፤ ይዛ ነው የምትሄደው። ባሏ ሙሄም አብሯት ነበር። ሙሄ ደግ ሰው ነው። ዕድሜውን ወፍጮ ቤት ስለሠራ ጆሮው ደከም ብሏል፤ ወይም ከሐዋ ጋር በሰላም ለመኖር ሲል የደከመ ያስመስላል። ቁጭ እንዳሉ ሐዋ ስኳሯን እያማሰለች «ሰይድ መደወሉን ተወው መሰለኝ» አለች። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሰይድ ድምፁን ቀድቶ ልኳል።

ጓዳ ገብቼ ብቻዬን መስማት ነበረብኝ። ግን ያማሰለቻትን ስኳር እናንተም ብታዩዋት! ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጥኩት።

«እማ፣ አሰላሙ አለይኩም። ደህና ነኝ፣ እንዳትጨነቂ። መልሕቅ ጥለናል...» ሽርርር። «...ካፒቴኑ ጠርቶኝ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ አድርገውኛል...» ሽርርር። «...የሰርጉን ነገር ግን...» ብሎ ጠፋ።

የሐዋ ማንኪያ ቆመ።

«ምን ጣልን ነው ያለው?»

«መልሕቅ» አለ ሙሄ። ሲፈልግ ይሰማል።

«መልሕቅ ደግሞ ምንድን ነው?»

እኔም ስሙን እንጂ ሥራውን አላውቅም ነበር። ግን የመርከበኛ እናት ነኝና እንደሚያውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ሙሄ ራዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ስለሆነ ትንሽ አሰበና «መርከቡን የሚያቆመው ትልቁ ብረት ነው። እንደ ፍሬን በይው» አላት።

«ፍሬኑን ጣለው?»

«እንደሱ ነው ያለው።»

«ያ ረቢ! ለዚያ ነዋ ካፒቴኑ የጠራው! ከአራት ወደ ሦስት አወረዱት!» ብላ ጭኗን መታች። የሷ ልጅ አብዱ ቴክኒክና ሙያ ደረጃ አራትን ጨርሶ ደረጃ አምስት ሊገባ ነበርና በቤታቸው ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። «አይ ጊዜ! የኛ አብዱ ከአራት ወደ አምስት ሲወጣ፣ ያንቺ ከአራት ወደ ሦስት?»

እዚህ ላይ «ቆይ ልጄን ልጠይቀው» ብል ኖሮ ደጄ ላይ አንድ ምስማር አይወድቅም ነበር። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ አልኩና «ቢጥለውስ! የኔ ልጅ የጣለውን ይተካል! ለአንድ ብረት ነው እንዴ?» አልኩ። ሐዋ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ወጣች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ሐዋ የቀረበላትን ሳትጨርስ የሄደችው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ወዲያው ለሰይድ ደወልኩ፤ አይጠራም። መልእክት ሰደድኩ። ሰይድ እንዳስተማረኝ ከመልእክቱ ሥር ሁለት ጭረት ከታየ ደርሶታል፣ አንድ ከሆነ አልደረሰውም። አንድ ጭረት። መርከብ ላይ ኢንተርኔቱን እየመጠኑ ነው የሚያድሏቸው፤ ሲያልቅ አለቀ ነው። ይህን እያወቅሁ መቀመጥ አቃተኝ። ዕቃ ማጠብ እጀምርና እጄን ሳላደርቅ ስልኩን አነሳለሁ። ያነጠፍኩትን አልጋ አፍርሼ እንደገና አነጥፋለሁ። ኔትወርክ አስፋልቱ ዳር ይሻላል ቢሉኝ ሄጄ እዚያ ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ እቆማለሁ። የሚኒባስ ረዳቶቹ «ደሴ ነሽ ማዘር?» ይሉኛል፤ ራሴን ስነቀንቅ «አዲሳባ ናት! ቦታ ልቀቁላት!» ብለው ክንዴን ይስባሉ። ፍሬን የሌለው መርከብ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ባሕር ቁልቁለት እንደሌለው እንኳ አላሰብኩም። የሚታየኝ ገደል አፋፍ ላይ ፍሬን እምቢ ያለው አይሱዙ ነው፤ ልጄ ደግሞ ጎኑ ላይ ተንጠልጥሎ።

ሐዋ በበኩሏ አልተኛችም። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሞት ሲመጣ ይቀብራል፣ ችግር ሲመጣ ይደግፋል። ቅሬው በተሰበሰበበት ቆማ «እህታችን ተቸግራለች፣ አንድ ልጇ የመርከብ ብረት ጥሎ ሊተካ ነው፤ ይህንን በራሷ አፍ ነግራኛለች» አለች። አልዋሸችም፤ የሐዋ ክፋቷ እሱ ነው። አንዱ ገንዘብ እናዋጣ ቢል «እሷን አታውቋትም፣ ኩራተኛ ናት፣ ገንዘብ አትቀበልም። የጎደለው ብረት ከሆነ ብረት እናዋጣ» ብላ አሳመነቻቸው። ኩራቴን አወቀችና እሱንም በብረት መታችው።

በማግስቱ ጠዋት በሬን ስከፍት የተሰበረ የብረት አልጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ባለቤቱ ጎረቤቴ ከሩቅ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አይዞሽ፣ ሁሉም ያልፋል» አለኝ። ከዚያ የአይሱዙ ባሌስትራ መጣ። የጋሪ አክሰል መጣ። ከጨፋ ሮቢት ገበሬዎች ያለቀ ማረሻቸውን በአህያ ጭነው ላኩ። ባጃጅ ነጂዎቹ ፍሬን የሚለውን ሲሰሙ ልባቸው ተነክቶ ኖሮ የተገለበጠ ባጃጅ አጽም በሸክም አመጡ። «እኛ ፍሬን አልባ መሆን ምን እንደሆነ እናውቃለን ማዘር» አለኝ አንዱ፣ ዕንባ ባቀረረ ዓይን። ቅሬ የሰጠውን እምቢ ማለት ነውር ነው። «አላህ ይስጥልኝ» እያልኩ ተቀበልኩ። ከሰው ምንም ሳልቀበል ኖሬ ኖሬ የሰፈሩን ዝገት ሁሉ በምርቃት ተቀበልኩ።

በመጨረሻ ብረት በያጁ ጀማል መጣ። ጀማል ግማሹን አማርኛ ግማሹን ኦሮምኛ ነው የሚያወራው። ክምሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ሲቢላው ሞልቷል፣ አደ» አለኝ፤ ብረቱን ማለቱ ነው፤ አደ የሚለኝ ደግሞ በአክብሮት ሲጠራኝ ነው። «የቀረን ልኩ ነው። ምን ይመስላል ይሄ መልሕቅ?»

ከየት አምጥቼ ልንገረው! ሳስብ ሰይድ ትምህርቱን ሲጨርስ የተነሳው ፎቶ ትዝ አለኝ። ነጭ የደንብ ልብሱ ቁልፎች ላይ ቅርጽ ነበረበት፤ መልሕቅ ነው ብሎ ሲያሳየኝ አናቱ የጆሮ ጌጥ፣ ጫፉ መንጠቆ የመሰለ ነገር ነበር። ከተበጠሱት ቁልፎች አንዱን ሣጥን ውስጥ አስቀምጬው ስለነበር አውጥቼ ሰጠሁት። ጀማል ቁልፏን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ አዞራት።

«ማሎ አደ፣ እባክሽ! ይህቺን ለመሥራት ነው ይሄ ሁሉ ባጃጅ?»

«አስበልጠህ ሥራት እንጂ!»

«በስንት ላስበልጣት?»

«መርከብ በሚያቆም ልክ ነዋ!»

«መርከቡ ስንት ያህላል?»

«እኔ ምን አውቄ! አጥሩን ነው የነገረኝ!»

ጀማል ቁልፏን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሰው ሲጠይቀው «ከባድ ሥራ ነው» ይል ነበር አሉ።

ወሬው ሰንበቴ ገበያ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን በቃው። ሐጂ ይማም «አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ፤ የልጁን ጉዳይ ሰምቼ እቆርጣለሁ» ብለው ላኩብኝ። እቆርጣለሁ የሚለውን ቃል የከብት ነጋዴ ሲናገረው እንዴት እንደሚያስፈራ!

ከአርቡ በፊት ሙና ብቻዋን መጣች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። እሷ ግን ብረቱን አልፋ ስትገባ ዓይኗ ያበራል።

«እናቴ፣ እውነት ከሥራ ሊያባርሩት ነው?»

«አላህ አይበለው!»

«ምነው ኢንሻአላህ ቢሉ!» አለች። ደንግጬ አየኋት። «አይዩኝ እንደሱ። ለኔ ሲነጋ ለሱ ይመሻል። ተማሪዎቼን አሰልፌ ወደ ክፍል ሳስገባ ይደውላል፣ እኔ ስደውል ሞተር ሥር ነው። ሲታመም የሚያውቅለት የለም፤ ትኩሳት ይዞት ሳለ ደወል ጮኾ ቧንቧ ሊጠግን ወርዷል። ማንም ሳይነግረው ኢዱ አልፎበታል። አባረውት ይምጣልኝ እንጂ እኔ መልሕቁን እንኳን ጣለው ብያለሁ!»

እኔ ስሙን ለማደስ ስሮጥ እሷ ስሙ ጠፍቶ እሱ እንዲመጣላት ዱዓ ታደርጋለች። ልቆጣት ፈለግሁና ቁጣው አልመጣልኝ አለ። ስትወጣ «አርብ ሁላችንም እዚህ እንደምንሰበሰብ ጽፌለታለሁ፤ ካየው ይደውላል» አለችኝ። በኔ ስልክም በሷ ስልክም አንድ ጭረት ነበር።

አርብ ደረሰ። ሐጂ ይማም ሼሁንና ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ ብረቱ ጋ ቆሙ። ባሌስትራውን በከዘራቸው መታ መታ አድርገው፣ የባጃጁን አጽም ጎን በመዳፋቸው ጠፍጥፈው፣ ልክ የከሳ ወይፈን እንደሚያዩ አዩት። ምንም ሳይሉ ገቡ። በኛ በኩል ሙሄና ሁለት ጎረቤቶች ተቀመጡ። ሐዋ ሳልጠራት መጥታ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ፊት፣ ሁሉ የሚታይበትን ቦታ ይዛለች። ሙና ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ነበረች።

«እንግዲህ» አሉ ሐጂ፣ «ልጄን የምሰጠው የያዘውን ለማይጥል ሰው ነው...»

ስልኬ ጮኸ። ሰይድ! ቸኩዬ አንዴ ዘጋሁበት። ደግነቱ መልሶ ደወለ። ሐጂ በከዘራቸው ወደ ጠረጴዛው አመለከቱ፤ ድምፁን ከፍቼ አስቀመጥኩት።

«አንተ ልጅ» አሉ ሐጂ ሰላምታው እንዳለቀ፣ «መልሕቁ የት ነው?»

«መልሕቁ? ባሕር ውስጥ ነዋ ሐጂ።»

ቤቱ በአንድ አፍ «ኢናሊላሂ!» አለ።

«ማን ጣለው?»

«እኛው ነን። ካፒቴኑ ጣሉ አለን፣ ጣልነው።»

«ካፒቴን ንብረት ጣሉ ብሎ ያዛል?»

ሰይድ መሳቅ ጀመረ። ሐዋ «አበደ ልጁ፣ ሙቀቱ ነው» ስትል ሰማኋት። ሳቁን ሲጨርስ ወደቡ በመርከብ ስለተጨናነቀ ተራ እስኪደርሳቸው ከወደቡ ፊት ለፊት ቆመው እንደሚጠብቁ፣ መርከብ ሲቆም ውሃው እንዳይወስደው መልሕቁን በወፍራም ሰንሰለት ወደ ባሕሩ ወለል እንደሚያወርዱት፣ ሲሄዱም ጎትተው እንደሚያወጡት አስረዳ።

ሐጂ ይማም ፊታቸው በራ። «ካስማ ነው በለኛ! ከብቱን ካስማ ላይ አስረህ ተራህን ትጠብቃለህ። እኛም ሰንበቴ የምናደርገው ይህንኑ ነው። እንዲህ እያልክ ብታወራ ምን ነበር? ጣልን ትላለህ እንዴ?»

«እኛ ጋ አባባሉ ነው ሐጂ።»

«ከአራት ወደ ሦስት ያወረዱህስ?» ብላ ሐዋ ከበሩ ጮኸች።

«አክስቴ፣ እዚያም አለሽ? መርከብ ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ሰው የሚያድገው። አራተኛ መሐንዲስ ጀማሪ ነው። ሦስተኛ ሆንኩ ማለት አደግሁ ማለት ነው። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ዋና።»

ይህችን ሰዓት ስንት ዓመት እንደጠበቅኋት አልነግራችሁም። ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ብቻ፣ ወደ ሐዋ አዞርኩ። ሐዋ ጣሪያውን ታያለች። ጣሪያዬ ምንም የሚታይ ነገር የለውም። የምላትን ቃል እየመረጥኩ ሳለ ሰይድ ቀጠለ።

«የሰርጉን ነገር ግን... ሦስተኛ ሲያደርጉኝ ኮንትራቱን አራዘሙት። የሚተካኝ ሰው አልመጣም። ባልኩት ጊዜ መምጣት አልችልም።»

ቃሌ አፌ ውስጥ ቀለጠ። ሐጂ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «ልጄን ለሰው እንጂ ለስልክ አልሰጥም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። የልጄ ስም ጠራና ሙና ልትሄድበት ነው! አንድ የማይረባ የመልሕቅ ዕዳ ቢኖርበት ምን ነበር ብዬ ስመኝ ራሴን ሰማሁት።

ይኼኔ ሙና ከመጋረጃው ወጥታ ስልኩን አነሳች። አባቷ እንዲህ ስትናገር ሰምተዋት የሚያውቁ አይመስለኝም።

«ሰይድ፣ ሦስተኛ ሆንክ፤ ማሻአላህ። ቀጥሎ ሁለተኛ ልሁን ትላለህ። ከዚያ ዋና። እኔ ቁጥሩ እስኪያልቅ አልጠብቅም።»

«ሙና፣ የሚተካኝ ሰው እንደመጣ እወርዳለሁ። ሁለተኛ ሁን ቢሉኝ እንኳ መጀመሪያ አንቺ ሳትፈቅጂ አልሳፈርም። ሽማግሌዎቹ ይስሙኝ። ዛሬ ኒካሁን አስሩልኝ፤ ወኪል አቆማለሁ።»

ሐጂ ወደ ሼሁ ዞሩ። ሼሁ ጢማቸውን ያዙ። ያ ጢም ስንት ነገር ፈትቶልናል። «ወኪል ካቆመ ይታሰራል፤ የራቀ ሰው ኒካህ እንዲህ ሲታሰር የኖረ ነው። ልጅቱ ትፈቅዳለች ወይ?» ሙና አባቷን አየች፣ ስልኩን አየች፣ አንገቷን ደፍታ «ሰው ሁሉ የሰማው ቃል ስለሆነ እፈቅዳለሁ» አለች። ሐጂ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እንደገና ተቀመጡ። «ዓይኑን አላየሁም» አሉ፣ «ድምፁ ግን አይከዳም። ወኪሉ ማን ነው?»

እዚህ ላይ ከስልኩ ውስጥ ደወል ጮኸ፤ የሚያስደነግጥ፣ ረጅም። ሰይድ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ተራችን ደረሰ! መልሕቅ እያነሳን ነው! ሞተር ክፍል መውረድ አለብኝ! አያ ሙሄ አሉ? ወኪሌ አያ ሙሄ ይሁኑልኝ!»

ከዓለሙ ወንድ ሁሉ መርጦ ሙሄ! ሙሄ ራሱን ቀና አድርጎ ሐዋን አየ። ይህ ሰው ሐዋን ሳያይ «አዎ» ብሎ አያውቅም። ሐዋ ሻርፗን መጠቅለል ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ጫፉን እያስተካከለች። ከዚያ ዓይኗን ከሻርፑ አንስታ እኔን አየችኝ። ባሏን የምትለቀው በኔ አፍ ስጠይቃት ብቻ ነው። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ስልኩ ውስጥ ደወሉ ይጮሃል።

«ሐዋ፣ እባክሽ» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጩኸቱ አላሰማኝም።»

«እባክሽ!»

«ማንን ነው?»

አላህ ያያታል። «እህቴ፣ እባክሽ!» አልኩ፣ ደጁ ድረስ እንዲሰማ አድርጌ።

ሐዋ ለሙሄ ራሷን ነቀነቀች። ሙሄ ጆሮው ድንገት ተፈውሶ «እሺ፣ ወኪል ነኝ!» ብሎ ብድግ አለ። ሰይድ «ወክዬዎታለሁ አያ ሙሄ፣ ምስክር ሁኑ...» ሲል ሁሉም ሰማ፤ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሼሁ ጊዜ አላጠፉም። መህሩ፣ ለሙሽራዋ የሚሰጠው ማለት ነው፣ ተነገረ፤ ምን እንደሆነ የናንተ ጉዳይ አይደለም። ሐጂ ይማም የሙሄን እጅ ጨብጠው ልጄን ለወካይህ ለሰይድ ድሬያለሁ አሉ፤ ሙሄ ለሰይድ ተቀብያለሁ አለ። ልጄ የትኛው ባሕር ላይ እንዳለ ሳላውቅ፣ ምናልባት እጁ ዘይት እንደነካ፣ ባል ሆነ።

እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ሐዋ ቀድማኛለች። የአንድ ልጄን ኒካህ የመጀመሪያ እልልታ ያቀለጠችው እሷ ናት። እኔ የመጀመሪያዬን ሳወጣ እሷ ሦስተኛው ላይ ነበረች። ድምጿ ደግሞ በዚህ ዕድሜዋ ቢሰነጠቅ ምን ነበር? ጥርት ያለ ነው፤ እስከ አስፋልቱ ተሰማ አሉ።